ተራ አስከባሪው

እህቴ ኩዌት ነው የምትሠራው። ሰው ቤት። የእረፍት ቀኗ አርብ ነው፤ እሱም ቢሆን በየሳምንቱ አይገኝም። ስለዚህ እኛ ቤት አርብ ከሰዓት የተለየ ነገር ነው። እናቴ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፣ ካሜራ ነውና ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ትጠብቃለች።

አንድ አርብ ስልኩ ተደወለ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። «ሄሎ? ሄሎ! ትሰሚኛለሽ?» የእህቴ ፊት አፏ እንደተከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ዘጉት፤ እንደገና ደወሉ፤ ያው ነው። ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቱንም ጊዜ ተቆረጠ። በመጨረሻ «እማ፣ በቃ የሚቀጥለው አርብ» የሚል ጽሑፍ መጣ። በሚቀጥለው አርብ ደግሞ ፈቃድ አላገኘችም።

እናቴ ስልኩን አስቀመጠችና «ይሄ ኔትወርክ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» አለች። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ «ያው ነው እኮ እማዬ፣ ኔትወርክ አይደል» አልኳት። ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ሰርቨር እየጫንኩ ነበር፤ ለእኔ ምንም አልዘገየም። እንዲያውም ዛሬስ ፈጠነ ብዬ ተገርሜ ነበር።

የበራልኝ ማታ ተኝቼ ነው። ከወራት በፊት የቤታችን ራውተር ውስጥ ገብቼ አንድ ገጽ ከፍቼ ነበር። የትኛው ዕቃ ቅድሚያ ያግኝ? ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። የሥራ ላፕቶፔን ከፍተኛ አደረግኩ፤ የተቀረውን በሙሉ ዝቅተኛ። ሴቭ ብዬ ወጣሁ፤ ረሳሁት። ለካ ኔትወርኩን ምንም አልነካውም። የነካሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ያቺን ትንሽ ገጽ መርሳት አቃተኝ። «ቅድሚያ» የሚለው ነገር ራውተር ውስጥ እንዴት ገባ? ማን አስገባው? ለማን ብሎ? ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ነው፤ ከጠበቅኩት በላይም የሰው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ወረፋ

ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ራውተርን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም። ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ የሚወጣው ግን በአንድ ታክሲ ነው። መሀል ላይ ተራ አስከባሪ ቆሟል። ራውተር ማለት እሱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተቆራርጦ ነው የሚጓዘው። አንዱ ፓኬት ብዙ ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። አንድ ጊጋባይት ፋይል ስትጭኑ ከ600 ሺህ በላይ ፓኬት ሰልፉ ላይ ታፈሳላችሁ ማለት ነው፤ ጨዋታ አልቆ ከስታዲየም እንደሚወጣ ሕዝብ። የድምፅ ጥሪ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንዲት ትንሽ ፓኬት ትልካለች። ብዙ ቦታ አትፈልግም። የምትፈልገው በሰዓቱ መድረስ ብቻ ነው፤ የዘገየች የድምፅ ፓኬት ካልደረሰችው አትለይም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት መመሪያ ጥሩ ለሚባል ንግግር ድምፅ ካፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይወስድ ይመረጣል ይላል።

ወረፋን በሒሳብ ማጥናት የተጀመረው ከኮምፒውተር በፊት ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው ኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰው ስልክ የሚደውለው ባሻው ሰዓት ነው፤ መስመሩ ግን የተቆጠረ ነው። ታዲያ ስንት መስመር ይበቃል? ኤርላንግ በ1909 ስለዚህ ጉዳይ የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ፤ ዛሬ የወረፋ ሒሳብ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከዚያ ዘርፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። በጣም ቀላል በሆነው የወረፋ ሞዴል፣ መስመሩ ግማሽ ያህል ሥራ ላይ ከሆነ ወረፋው ጋ ያለው፣ እየተስተናገደ ያለውን ጨምሮ፣ በአማካይ 1 ነው። 90 በመቶ ሲደርስ 9 ይሆናል። 99 በመቶ ሲደርስ 99። ከ90 ወደ 99 የጨመረው ሥራ 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ወረፋው ግን ከ10 እጥፍ በላይ አደገ። ወረፋ ቀስ እያለ አይደለም የሚያድገው። ደህና ነው፣ ደህና ነው ስትሉ ቆይታችሁ ድንገት ያብጣል።

ተራ አስከባሪ የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ሰልፍ በሌለበት ቦታ ቅድሚያ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም።

ቀያዮቹ ቁልፎች

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጦር አውቶቮን የሚባል የራሱ የስልክ ኔትወርክ ነበረው። ስልኮቹ እንደኛ 12 ቁልፍ ሳይሆን 16 ቁልፍ ነበራቸው። በቀኝ በኩል ያሉት አራቱ የቅድሚያ ቁልፎች ናቸው፦ ፕራዮሪቲ፣ ኢሚዲየት፣ ፍላሽ፣ ፍላሽ ኦቨርራይድ። የኋለኛው ለፕሬዚዳንቱና ለከፍተኛ አዛዦች ነው። መስመር ከሞላ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ጥሪ ዝቅ ያለውን ቆርጦ ይገባል። እያወራችሁ ነው እንበል፤ አንድ ጄኔራል ቁልፍ ይጫናል፤ የእናንተ ጥሪ ያልቃል። ምንም ቁልፍ ሳይጫን የሚደወል ጥሪ «ሩቲን» ይባላል። በእኛ ቋንቋ፣ ተራ።

ለኒውክሌር ጦርነት ቀን ታስቦ በተሠራ ስልክ ላይ ይሄ ያስኬዳል። ማን ከማን እንደሚበልጥ ትከሻ ላይ ተጽፏል። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢንተርኔት የተሠራው በአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ ነው። በመስከረም 1981 ጆን ፖስቴል ያዘጋጀው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሰነድ ሲወጣ እያንዳንዱ ፓኬት ግንባሩ ላይ ስምንት ቢት የአገልግሎት ዓይነት እንዲሸከም ደነገገ። ከስምንቱ ሦስቱ ቢት ከ0 እስከ 7 የቅድሚያ ደረጃ ናቸው። የደረጃዎቹን ስም ስታነቡ ሩቲን፣ ፕራዮሪቲ፣ ኢሚዲየት፣ ፍላሽ፣ ፍላሽ ኦቨርራይድ... የጦሩ ስልክ ቁልፎች ናቸው። አንዱም ስም አልተቀየረም።

ቀጥሎ ሌሎች ሦስት ቢቶች አሉ፦ ቶሎ ድረስ፣ ብዙ ተሸከም፣ እንዳትጠፋ። ሰነዱ እዚያው ላይ ያስጠነቅቃል፤ በብዙ ኔትወርክ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ይጎዳልና ሦስቱንም አንድ ላይ አትጠይቁ ይላል። ለአንዱ የሰጣችሁት ከሌላው የቀነሳችሁት ነው። ይቺን መስመር ሳነብ ስኳር ዕቃ ላይ የተደገፈው ስልክ ትዝ አለኝ።

ሌላም የጎደለ ነገር ነበር። ጦር ውስጥ ፍላሽ ኦቨርራይድ የሚጫነው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ኢንተርኔት ላይ ግን ፓኬቱ ላይ ቁጥሩን የሚጽፈው ራሱ ላኪው ነው። ማንም ፕሮግራመር ተነስቶ የእኔ ደረጃ 5 ነው ብሎ መጻፍ ይችላል። ማዕረጉ ነበረ፤ ማዕረጉን የሚያጣራ አልነበረም።

400 ያርድ

በጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ እና የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ 400 ያርድ ነው የሚራራቁት፤ በእግር አምስት ደቂቃ። በመካከላቸው ያለው የኔትወርክ ፍጥነት በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። አርባ ሺህ አላልኩም፤ አርባ። አምስት ፊደል በሰከንድ ማለት ነው።

የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ ፓኬት ልከው መልስ ሲዘገይባቸው «ጠፋ» ብለው እንደገና ይልካሉ። ያልጠፋው፣ ወረፋ ላይ የቆመው ፓኬት ላይ ሌላ ቅጂ ይጨመራል። ወረፋው ያድጋል፣ መልሱ ይዘገያል፣ እንደገና ይልካሉ። እናቴና እህቴ ድምፅ ሲጠፋ ሁለቱም እኩል «ሄሎ ሄሎ» እንደሚሉት፤ ሁለቱም ሲጮሁ ማንም አይሰማም።

ቫን ጃኮብሰን የሚባል የላቦራቶሪው ተመራማሪ ከማይክ ካሬልስ ጋር ሆኖ ጉዳዩን መረመረ፤ በ1988 የወጣው ጽሑፋቸው ዛሬም ድረስ ይነበባል። መፍትሔያቸው ራውተሩን አልነካውም። ላኪዎቹን ነው ያስተማረው፦ በቀስታ ጀምር፣ መንገዱ ሲያስኬድህ ጨምር፣ ፓኬት ከጠፋብህ መንገዱ ሞልቷል ማለት ነውና ወዲያው ቀንስ። ኢንተርኔት እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ጨዋነት ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቦታ ሌላ ዓይነት መፍትሔ ተሞከረ። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በ1986 የከፈተው ኔትወርክ ስድስት ቦታዎችን በ56 ኪሎቢት መስመር ያገናኝ ነበር። ፈዝቦል የሚባሉትን ራውተሮች የሠራው የደላዌር ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሚልስ ነው። ኔትወርኩ ቶሎ ሞላ። ሩቅ ካለ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ኪቦርድ የሚመታ ተመራማሪ የጻፋት ፊደል ስክሪኑ ላይ እስክትታይ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ፊደሏ የሌላ ሰው ግዙፍ ፋይል ጀርባ ተሰልፋለች።

መሐንዲሶቹ ደንብ አወጡ፦ ኪቦርድ የሚመታው ሰው ይቅደም፣ ፋይል ይጠብቅ። ለማንም አልነገሩም። ምክንያታቸው ያሳምናል፤ ሰው ካወቀ የፋይሉን ፓኬት የኪቦርድ ፓኬት አስመስሎ ይልካላ! ደንቡ ሠራ። የኪቦርድ ፓኬት ትንሽ ስለሆነች ብትቀድምም ፋይሉን ብዙ አታዘገየውም። በ1988 መስመሩ ወደ 1.5 ሜጋቢት ሲያድግ ችግሩ ለጊዜው ቀለለ።

ሳስበው ሚልስ ያደረገው እና እኔ ያደረግኩት ግልባጭ ናቸው። እሱ ትንሿን በትልቁ ፊት አሳለፈ፤ እኔ ትልቁን በትንሿ ፊት። በአንድ ነገር ግን እንገናኛለን። ሁለታችንም ሰልፉ ላይ ለቆሙት አልነገርናቸውም።

ሁሉም በተራው

ጆን ናግል የሚባል ፎርድ ኤሮስፔስ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። የበርክሊው ነገር ከመድረሱ ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በጥር 1984፣ እንዲህ ያለ መንኮታኮት ሊመጣ እንደሚችል ጽፏል። በታኅሣሥ 1985 ደግሞ ሌላ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፦ ራውተር መጨረሻ የሌለው ማስቀመጫ ቢኖረው ምን ይሆናል?

ደግ ነው ትሉ ይሆናል፤ ምንም ፓኬት አይጣልም። ናግል ግን ተቃራኒውን አሳየ። ፓኬት ዕድሜ አለው። ወረፋው ማለቂያ ከሌለው ፓኬቱ ተራው ሳይደርስ ያረጃል፤ ራውተሩም የሞቱ ፓኬቶችን ሲጥል ይውላል። ሰፊ መቆሚያ ሰልፍን አያሳጥርም።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ሁሉም በአንድ ሰልፍ ከቆመ፣ ብዙ የሚልክ ብዙ ያገኛል፤ ጨዋው ይጎዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ላኪ የየራሱ ሰልፍ ይኑረው፣ ራውተሩም ከየሰልፉ አንድ አንድ እያነሳ ይዙር አለ። አሁን ሺህ ፓኬት ያፈሰሰ ሰው የሚያስረዝመው የራሱን ሰልፍ ብቻ ነው። አንድ ፓኬት ይዞ የመጣው በሚቀጥለው ዙር ይሄዳል። ማንም ማዕረግ አልለበሰም፤ ማንም ግንባሩ ላይ ቁጥር አልጻፈም። ስግብግብነት ራሱ ዋጋ አጣ። በ1989 ዴመርስ፣ ኬሻቭ እና ሼንከር ይህን ሐሳብ አጥርተው፣ የፓኬቶቹን መጠን ጭምር እንዲያሰላ አድርገው አሳተሙት።

ግን እኩልነት በምን ይቆጠራል? ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ለስምንት ዘመዶቹ ቦታ ይዞ ሲቆም አይታችኋል። ኔትወርክ ላይም አለ። በግንኙነት ብዛት ከተቆጠረ፣ 40 ግንኙነት የሚከፍት ፕሮግራም 40 ድርሻ ይወስዳል፤ በኮምፒውተር ከተቆጠረ፣ ሁለት ስልክ ያለው ሰው ሁለት ድርሻ ይወስዳል። ሒሳቡ የሚጀምረው ሰው ከወሰነ በኋላ ነው።

በ1990ዎቹ ብዙው ሰው በዚህ መንገድ አልሄደም። ወደ ማዕረጉ ተመለሱ። በ1997 የወጣው አሠራር እያንዳንዱ ጥሪ መንገዱን ቀድሞ እንዲያስይዝ ጠየቀ፤ መንገድ ላይ ያለው ራውተር ሁሉ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ጥሪ ማስታወስ ስላለበት ትልቁ ኢንተርኔት አልቻለውም። በ1998 ያቺ የድሮ የጦር ቢት ስሟ ተለወጠ፤ ስድስቱ ቢት 64 ዓይነት ምልክት እንዲይዙ ሆኑ። ድምፅ ብዙ ጊዜ 46 ቁጥርን ይይዛል። ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሰው በሚያዝበት ኔትወርክ ላይ፣ ደህና ይሠራል። ከግቢው ሲወጣ ግን ብዙ ኔትወርክ ምልክቱን አያምነውም፤ ወይ ይደመስሰዋል ወይ እንዳላየ ያልፈዋል። የ1981 ጥያቄ አሁንም እዚያው ነው፦ ማዕረግህን ማን ሰጠህ?

የአራት ድምፅ ዜማ

ተራ አስከባሪው ከቤት ራውተር ወጥቶ ኩባንያ ሲሆንስ?

በ2007 ሮብ ቶፖልስኪ የተባለ አሜሪካዊ የኔትወርክ ባለሙያ የድሮ የባርበርሾፕ መዝሙሮችን፣ በአራት ድምፅ የሚዘፈኑ ዜማዎችን፣ በቢትቶረንት ለሌሎች ማጋራት ፈለገ። አልሄድ አለው። ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ሲመረምር ግንኙነቱን የሚዘጋ ፓኬት ያገኛል፤ የተላከው ግን ከወዲያኛው ወገን አይደለም። መሀል ላይ ያለ ሰው በሌላው ስም እየላከ ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ በዚያው ዓመት የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ በመላክ ሞክሮ ያንኑ አገኘ። የኢንተርኔት አቅራቢው ኮምካስት ነበር።

ኩባንያው ችግር አልፈጠረም አይባልም፤ ችግርም ነበረበት። ጥቂት ሰዎች የሚያፈሱት ፋይል የሰፈሩን መስመር በእውነት ይሞላል። ግን ማን ይጠብቅ የሚለውን ለብቻው ወሰነ፤ ከዚያ ውሳኔውን ደበቀው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በነሐሴ 2008 ኩባንያው ይህን እንዲያቆም አዘዘ። በ2010 ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ሥልጣን የለውም ብሎ ትእዛዙን ሻረው። ኩባንያው ግን በ2008 መጨረሻ አሠራሩን ቀይሮ ነበር፦ ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው ማለቱን ትቶ፣ መስመሩ ሲሞላ ብቻ፣ በዚያች ሰዓት ብዙ የሚጠቀመውን ለጊዜው ወደ ኋላ ማድረግ። የናግል ሐሳብ በሌላ በር ገባ።

የአሜሪካ የኔትወርክ ገለልተኝነት ክርክር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሲደነገግና ሲሻር ኖሯል። የሕጉን ጣጣ ለሕግ ሰዎች ልተወው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ያ ሰው ምንም ባይመረምር ኖሮ፣ እንደ እናቴ «ይሄ ኔትወርክ ምን ነካው» ብሎ ይቀር ነበር።

የሰፋው ጓዳ

አሁን ወደ ቤት ልመለስ፤ ምክንያቱም ያልጠበቅኩት ነገር አጋጠመኝ።

በማግስቱ ያንን ደንብ አጠፋሁት። ከዚያ ለማረጋገጥ ያክል ትልቅ ፋይል እየጫንኩ ፒንግ አደረግኩ፤ አንዲት ትንሽ ፓኬት ሄዳ እስክትመለስ ስንት ጊዜ እንደሚወስድባት መለካት ማለት ነው። 900 ሚሊሰከንድ አካባቢ። ፋይሉን ሳቆመው 40። ደንቡ ከጠፋ በኋላም እናቴ በሰላም ማውራት አትችልም ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም።

ይሄ ነገር ከእኔ በፊት ጂም ጌቲስ ቤት ደርሷል። ጌቲስ በኮምፒውተር ዓለም ስሙ የታወቀ ሰው ነው። በ2010 ከቤቱ ብዙ ፋይል እየላከ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ ብሎ አማረረ። እንደ እኔ «ያው ነው» ብሎ አላለፈውም፤ ለካ። መዘግየቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ የናግል የ1985 ጥያቄ በሥጋ ተገልጦ ነው፦ ሜሞሪ ረከሰ፣ አምራቾች ፓኬት እንዳይጣል ብለው በየዕቃው ትልቅ ማስቀመጫ አስገቡ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሆን፣ ሞደሙ ውስጥ ያለው ማስቀመጫ ደግሞ 450 ኪሎባይት ቢሆን፣ ያ ሁሉ ተራግፎ እስኪያልቅ 900 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከኋላ የመጣች የድምፅ ፓኬት ያን ሁሉ ትጠብቃለች። የ1988ቱ ጨዋነትም ይበላሻል፤ ላኪው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋበት ነው፤ ጓዳው ከሰፋ ደግሞ እስኪሞላ ድረስ ምንም አይጠፋም።

መፍትሔ ይዞ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ቫን ጃኮብሰን። በ2012 ከካትሊን ኒኮልስ ጋር አዲስ ዘዴ አወጡ። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚለካው ሰልፉ ስንት ሜትር እንደሆነ ነበር። እነሱ የለኩት አንድ ፓኬት ስንት ጊዜ እንደቆመ ነው። ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ሳያቋርጥ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ራውተሩ ፓኬት መጣል ይጀምራል፤ ላኪውም ገብቶት ይቀንሳል። በዚያው ዓመት ይህ ከናግል «ሁሉም በተራው» ጋር ተጣምሮ ሊኑክስ ውስጥ ገባ። በ2018 ደግሞ ኬክ የሚባለው ተከታዩ መጣ፤ እሱ ድርሻን በግንኙነት ብቻ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ባለው ዕቃ ጭምር ይቆጥራል። ስምንት ዘመድ ይዞ የቆመው ሰውዬ አለቀለት።

አርብ

የድሮው ራውተራችን ይሄ የለውም። ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚቀበል ያገለገለ ራውተር ገዛሁ። ቅንብሩ ከሦስት መስመር አይበልጥም። የማን ዕቃ ይቅደም የሚል ጥያቄ የለውም። የሚጠይቃችሁ የመስመራችሁን ፍጥነት ነው፤ እናንተም ከእውነተኛው ትንሽ ቀንሳችሁ ትነግሩታላችሁ። እኔ 4 ሜጋቢቱን 3.6 አልኩት። ለምን ይቀነሳል? ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን እኔ ራውተር ውስጥ እንዲፈጠር ነው። ተራ ማስከበር የሚቻለው ሰልፉ ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ታክሲው መገናኛ ቆሞ ተራ አስከባሪው ሜክሲኮ ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

ፋይል እየጫንኩ እንደገና ለካሁ። 45 ሚሊሰከንድ። ፋይሉ ከበፊቱ ትንሽ ዘገየ፤ ከአስር አንድ እጅ። የከፈልኩት ያቺን ነው።

እህቴ ፈቃድ ያገኘችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሆን ብዬ ፋይል መጫን ጀመርኩና ሳሎን ሄጄ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ሃምሳ ደቂቃ አወሩ። ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ። አንዴም «ሄሎ» አልተባለም።

ስልኩ ሲዘጋ እናቴ «ተመስገን፣ ዛሬስ ኔትወርኩ ተሻለው» አለች። ዝም ብል ይታለፍ ነበር። ሚልስም ዝም ብሎ ነው የሠራለት። ግን አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ያን ቀን ኔትወርኩ እንዳልነበረ፣ እኔ ራሴን አስቀድሜ እሷን ኋላ እንዳሰለፍኳት፣ ከዚያም ረስቼ «ያው ነው» እንዳልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ታዲያ ሥራ ይዘህ እንደሆነ አትነግረኝም ነበር?» አለችኝ። «ማታ ደውዪ እላት ነበር እኮ።»

ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።